ጉም የሚበጥረው አስታ

ደብረ ማርቆስ
ጥቅምት 11 ቀን

ይድረስ ለእናቴ፤

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ ክረምቱን እንዴት ተወጣው? ከዓባይ በረሃ ነፋስ ሲወጣ የሚነሳብሽ ሳል ዘንድሮ እንኳ ራርቶልሽ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ሾፌሮቹ ዛሬም ያንቺን ሽሮ ሳይቀምሱ ቁልቁለቱን እንደማይጀምሩት አውቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብኝ የለም።

ይህን ነገር በስልክ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ስለ ዝናብ ጀምሬ ስለ ጎረቤት ሠርግ አውርተን ተለያየን። ደግሞ አውቅሻለሁ፤ የማትወጂው ወሬ ሲመጣ «አይሰማም፣ አይሰማም» ብለሽ ትዘጊዋለሽ። ደብዳቤ አይዘጋም። እስከ መጨረሻው ካነበብሽው በኋላ ብትቀጂው አልቀየምሽም።

ካቻምና ግንቦት ላይ መሥሪያ ቤቴ የዝናብ መለኪያ እንድተክል ወደ ሮብ ገበያ እንደላከኝ ታስታውሻለሽ። ለምን እንደላከኝ ግን አልነገርኩሽም። ከጮቄ ሥር ባለ አንድ መንደር፣ አንድ ገበሬ ዳገቱ ላይ ያለውን ማሳቸውን ማረስ ትተው አስታ መልሰው አብቅለዋል። አስታ ቅጠሉ እንደ መርፌ የቀጠነ የደጋ ዛፍ ነው፤ ደጀን አታገኚውም። የመንደሩ ግማሽ «እሳቸው ዘንድ ዝናቡ ቀድሞ ይገባል» ይላል፤ ግማሹ ይስቃል። የኛ ሥራ አንዱን መለኪያ እሳቸው ዘንድ፣ ሌላውን ከፍታው እኩል በሆነው ማዶ ባለው የተራቆተ ጋራ ላይ ተክለን ሁለት ክረምት ማስተያየት ነበር።

ገበሬው አያ ክንዴ ይባላሉ። ክንዴ የሚባል ሰው በስናን ምድር ሞልቷል ብዬ በስሙ ላይ አልቆምኩም።

በመጀመሪያው ቀን መለኪያውን ከተከልን በኋላ መመዝገቢያ ደብተሩን ሰጠኋቸው። ሽፋኑ ላይ ስሜን ጽፌበት ነበር። ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀሙ «ሕሊና አወቀ» ብለው አነበቡና ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ከደጀን ነኝ አልኩ። «የትኛው አወቀ?» አሉኝ። ግንበኛው አወቀ አልኳቸው። በአያቴ ስም እንዳሳደግሽኝ ለማያውቁት ሰው ምን ብዬ አብራራለሁ? አያ ክንዴ ደብተሩን አጥፈው ብብታቸው ውስጥ ከተቱትና በሬያቸውን ሊያዩ ሄዱ። ያን ቀን ተመልሰው አልመጡም።

ከዚያ በኋላ ግን በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ስወጣ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ጀመር። እማ፣ እኔ ብዙ ገበሬ አይቻለሁ፤ እንደሳቸው መሬትን የሚያዳምጥ ግን አላየሁም። ዳገቱን በድንጋይ እርከን አስረውታል። ምንጩ አፍ ላይ የነበረውን ባሕር ዛፍ ነቅለው ኮሶና ወይራ ተክለውበታል። አዝመራ ከተነሳ በኋላ ከብት ማሳቸው ላይ አይለቁም። ገብሳቸው ከጎረቤት ገብስ ይልቅ የመስከረሙን ፀሐይ ይችላል። እንዲህ ያለ ሥራ ስንት ዓመት እንደፈጀ ስጠይቃቸው «ሃያ ሦስት፤ ግን ያጠፋሁት በሰባት ነው» አሉኝ።

እንደዚህ ነው ያወሩልኝ። በወጣትነታቸው ያን ተራራ ራሳቸው ቆርጠው፣ አክስለው፣ ከሰሉን በጭነት መኪና እያስጫኑ ደጀን ያወርዱ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ። በኋላ እናታቸው ሞተው ለቀብር ከደጀን መጡና በዚያው ቀሩ። የመጡበት ዓመት ዝናቡ እስከ ሐምሌ ድረስ ቀረ። መንደሩ ታቦት አውጥቶ፣ ባዶ እግሩን፣ ሦስት ቀን ምሕላ ያዘ። «በሦስተኛው ቀን አልቅሰን ስንመለስ ወደ ኋላዬ ዞር ብዬ አየሁ» አሉኝ። «እያንዳንዳችን ለማገዶ አንድ አንድ ሸክም አስታ ይዘናል። የኔ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ዝናብ ለምነን የዝናቡን ቤት ተሸክመን መግባታችን ነው። እዚያው አወረድኩት።» ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ እንጨት እንኳ ከዚያ ዳገት አላወረዱም።

ደጀን ከሰል የሸጠ ሰው ስንት ነው ብዬ አሁንም ራሴን አታለልኩ።

አሁን ስለ ሥራዬ ልንገርሽ፤ ይህን ካልነገርኩሽ የኋላው አይገባሽም። በሁለቱ ክረምት የአያ ክንዴ መለኪያ ከማዶው የበለጠው በአሥራ አራት ሚሊሜትር ብቻ ነው። ይህ ነፋስ ወይም የእጅ ስሕተት ሊያመጣው የሚችል ልዩነት ነው። አንድ ጥዋት ይህን ስነግራቸው ምንም አልከፋቸውም። «ዝናብ ያልጣለበትን ማለዳ ለምን ዜሮ ብቻ ታስጽፊኛለሽ?» አሉኝ። «እኔ በዚያ ማለዳ አስታው ውስጥ ሳልፍ እግሬ ይረጥባል።» ይዘውኝ ሄዱ። ከአስታው ሥር የወተት ዱቄት ጣሳዎች ደርድረዋል። ሰማዩ ጠብታ ሳይጥል ጉም ብቻ ባለፈበት ማለዳ ጣሳዎቹ አንድ ጣት ያህል ውኃ ይዘዋል። ጉሙ በዚያ ቀጭን ቅጠል ውስጥ ሲያልፍ ይበጠራል፤ ውኃው እየተንጠባጠበ ይቀራል። ማዶ ባለው ራቁት ጋራ ላይ ያው ጉም ዝም ብሎ ያልፋል። ይህን የተማርኩት ከዩኒቨርሲቲ አይደለም እማ፤ ከጣሳ ነው።

ዘንድሮ ነገር መጣ። አያ ክንዴ ከማሳቸው በላይ ያለው የወል መሬት ጭምር ለአምስት ዓመት እንዳይታረስና ከብት እንዳይገባበት መንደሩን አሳምነው ነበር፤ ዘመኑ በመስከረም አለቀ። ጸጋው የሚባል ጎረቤታቸው፣ ከብት የበዛለትና አንደበተ ርቱዕ ሰው ነው፣ ይከፈት ብሎ ተነሳ። ብዙ ሰው ከጎኑ ሆነ። በሁለተኛው የጥቅምት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሊወሰን ተባለ፤ እኔም ልኬቱን እንዳቀርብ ጠሩኝ።

እዚህ ላይ የምናዘዘው አለኝ። ከስብሰባው በፊት በነበረው ሐሙስ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ ወረቀቱን ሳዘጋጅ፣ አሥራ አራቱን መቶ አርባ አደረግሁት። አንዲት ዜሮ ናት። ያ ዳገት ሲቆረጥ ማየት አልችልም ብዬ ነው። አንቺ በእንጀራችን እንኳ ሳትዋሺ ያሳደግሻት ልጅ ናት ያን ያደረገችው።

እሑድ ጥዋት ወረቀቱን ለአያ ክንዴ አሳየኋቸው። የሚደሰቱ መስሎኝ ነበር። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ የራሳቸውን ደብተር ከብብታቸው አውጥተው አጠገቡ አስቀመጡት። «እኔ በየጥዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሄጄ ያየሁት ይህን አይደለም» አሉኝ። እሳቸው ካላሉ ማንም እንደማያውቅ ነገርኳቸው። ድምፃቸውን እንኳ አላነሱም። «ልጄ፣ እኔ አንድ ጊዜ ሳምንት ሳይሞላ እመለሳለሁ ብዬ ሰው ዋሽቻለሁ። አንዲት ቃል ናት። ለማቃናት ዕድሜዬ አልበቃኝም። አንቺ አትጀምሪው።»

ስለ አባቴ ስጠይቅሽ የምትነግሪኝ ይህችኑ ቃል ነበር፤ ያኔ ነው ራሴን ማታለሌ ያበቃው። እርከኑ ላይ ተቀመጥኩ። እሳቸውም ጎኔ ተቀመጡ። ወረቀቱን ቀድጄ ሌላ ጻፍኩ።

ስብሰባው ላይ እውነቱን ተናገርኩ። ዝናቡ ጨምሯል ለማለት የሚያስደፍር ነገር አላገኘሁም፤ ጉሙ ግን አስታው ላይ ውኃ ይተዋል አልኩ። ጸጋው ተነስቶ «ከብቶቼ ጉም አይግጡም» አለ። ሰው ሳቀ። «ባለሙያዋ ራሷ ዝናብ አልጨመረም ካለች፣ የከለከልነው ለምንድን ነው?» ሲል ብዙ ራስ ተነቀነቀ። አያ ክንዴን አየኋቸው፤ መሬት መሬት ያያሉ። ያቺ ዜሮ በወረቀቱ ላይ ብትኖር ኖሮ ብዬ ተመኘሁ፣ አልዋሽሽም።

ያኔ ከሴቶቹ በኩል ሥራነሽ የምትባል ሴት ተነሳች። የጸጋው ሚስት ናት። «እኔ መለኪያ የለኝም፤ የምለካው በጀሪካን ነው» አለች። «ድሮ ከጥር ጀምሮ እስከ ወንዙ እወርድ ነበር፤ ደርሶ መልስ ግማሽ ቀን። አምና ግን እስከ ሚያዝያ ማብቂያ ከደጃችን ምንጭ ቀዳሁ። ባሌ ይህን አያውቅም፤ ውኃ ቀድቶ አያውቅምና። ከብቶቹ ጉም አይግጡም፣ እውነት ነው፤ ውኃ ግን ይጠጣሉ።»

ቀጥሎ አንዲት አሮጊት «እኔም» አሉ፤ ከዚያ ሌላዋ። በመጨረሻ ጸጋው ራሱ ጋቢውን አስተካክሎ «እንግዲህ ከቤቴ ሳልወጣ ተሸንፌያለሁ» ብሎ ሳቀ። አያ ክንዴ ያኔ ብቻ ተናገሩ፤ ከብት ሳይገባ ሣሩን ሁሉም አጭዶ እንዲወስድ፣ የሳቸው ድርሻ ለጸጋው እንዲሆን። ለሌላ አምስት ዓመት ተከልክሎ እንዲቆይ ተወሰነ።

በዚያ መንደር ዝናብን የሚያመጣው የሰው ሐሳብ ነው ብዬ ሪፖርት ልጽፍ አልችልም። ነገር ግን አንድ ሰው ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ በአንድ ሐሳብ ሲጸና መሬት እንደሚሰማው በዓይኔ አይቻለሁ። ሰውን ማድነቅ እንደዚህ ደስ እንደሚል፣ እንደዚህም እንደሚያም አላውቅም ነበር።

ያን ቀን እስከ መኪናው መንገድ ሸኙኝ። በመንገድ ላይ ስለ ገብስ ብቻ አወራን። ለምን እንዳልተመለሱ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ጥያቄው ያንቺ ነው፤ ካንቺ ቀድሜ ላነሳው አልፈለግኩም። ሚኒባሱ መጥቶ ልገባ ስል እጄን ይዘው «እናትሽ አሁንም ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍናለች?» አሉኝ። ትሸፍናለች አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ዳገቱ ተመለሱ። እስኪርቁ ድረስ በመስኮት አየኋቸው፤ ዞረው አላዩም።

እንድትመልሺልኝ አልጠብቅም፤ እንድትቆጪም እንድትምሪም አልለምንሽም። ለገና እመጣለሁ። ያኔ ብታነሺው እናወራለን፤ ባታነሺው ሽሮ ሠርተን እንበላለን።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ደጅሽ ከእንግዳ፣ ቤትሽ ከሰላም አይራቅ። የወለድሻት ልጅ እንዳታሳፍርሽ እመቤታችን ትጠብቀኝ።

ልጃችሁ
ሕሊና