ከግድግዳዬ የወረደው ውሃ

የካቲት 3፣ ማክሰኞ

...በጎድጓዳ ሳህን። አዎ፣ በሳህን ነበር። ዛሬ ልብስ ሳሰጣ ድንገት መጣብኝ። እሑድ የጎረቤቴ የልብስ ሰፊዋ ቤት ሲነድ የእሳት አደጋ መኪናው እኔ ግቢ ገብቶ እሳቱ እንዳይዛመት የእኔን ግድግዳ በውሃ ያርሳል። የእሳት አደጋውን የዓመት ክፍያ ከፍያለሁና! እሷ አልከፈለችም። ከግድግዳዬ የሚወርደውን ውሃ በሳህን እየቀለበች ወደ እሳቷ ትሮጣለች... ቱቦውን የያዘው ማን ነው? የገዛ ወንድሜ።

የካቲት 4፣ ረቡዕ

እራት ላይ አፈጠጥኩበት።

«አንድ ክንድ ብታዞረው ምን ነበረበት?»

«አለቃ አጠገቤ ቆሞ፣ እታለም?»

«ይበላሃል?»

ማንኪያውን አስቀመጠ። «ላልከፈለ ካጠፋን ነገ ማን ይከፍላል? መኪናውስ በምን ነዳጅ ይነሳል? ይላል አለቃ። ውሸት ነው?»

ውሸት አይደለም። አንጀቴን የሚያሳርረው ይኸው ነው። እኔስ ባልፈራ እከፍል ነበር? እንጃ... ግን ውሃው እዚያው ነበር። ሰዎቹም። እዚያው!

የካቲት 7፣ ቅዳሜ

ልብስ ሰፊዋ እህቷ ዘንድ ተጠግታለች። ሄድኩ። የተረፈው የስፌት መኪናዋ ብቻ፣ እሱም ከስሎ። «ያንቺ ቤት ደህና ነው?» አለችኝ። ሽሙጥ መስሎኝ ፊቷን አየሁ። አልነበረም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የካቲት 8፣ እሑድ

በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል፣ ትል ነበር እናታችን። እርጥቧ እኔ ነኝ። ፀጉሬ እንኳ አልተለበለበም።

የካቲት 12፣ ሐሙስ

ከምሳ በኋላ ጭስ። የፀጉር አስተካካዩ ሱቅ። እሱም አልከፈለም። ሮጥኩ። ወንድሜ አጠገቡ ያለውን የጫማ መደብር ያርሳል፣ የከፈለውን። አለቃው ከኋላው። ፀጉር አስተካካዩ መሬት ላይ ተቀምጧል፣ መቀሱ በእጁ።

ከዚያ ቱቦው ዞረ። ቀስ ብሎ።

«መልስ! መልስ እልሃለሁ!»

«ይጥፋና እመልሳለሁ።»

ግማሽ ፊቱ የተላጨ፣ ግማሹ አረፋ የሆነ ደንበኛ መንገድ መሃል ቆሞ፣ «በለው! በለው!» ይላል። ሳቄ መጣ... ወይስ ለቅሶ ነበር?

ጠፋ። ጣሪያው ተረፈ።

የካቲት 13፣ ዓርብ

አለቃው ጠዋት ደጃፌ ላይ። የወንድሜን የሥራ ልብስ ሊወስድ። አጣጥፌ ሰጠሁት። አልሄደም።

«ምከሪው፣ እህቴ። ይቅርታ ይጠይቅና ሰኞ ሥራ ይግባ። እጁን እወደዋለሁ።»

«ልብስ ሰፊዋንስ ማን ይቅርታ ይጠይቃት፣ ጋሼ?»

ከልቡ ገረመው። «እሷ መቼ ከፈለችና!»

ወንድሜ ከኋላዬ እጁን ዘርግቶ በሩን ዘጋው።