ልብሱን ቀይሮ የመጣው ሳል

የልጄ አባት፣ መሪጌታየ፣ ያለህበት አገር ሳል የለም ይላሉና ስለ ጤናህ አልጠይቅህም። ከተለየኸኝ ሁለተኛው መስቀል አለፈ። ይህን የምጽፍልህ በራስህ መቃ ብዕር፣ በቀለም ቀንድህ ውስጥ በተረፈው ቀለም ነው። ደርቆ ነበር፤ በውሃ አራስሁት። ቀለሜን አበላሸሽ ብለህ ትቆጣለህ፤ ተቆጣ!

ቤቱ እንዳለ ነው። ላሚቱ ወልዳለች። የበርበሬው ማሳ ዘንድሮ ደህና ይዟል። ልጃችን ጥሩወርቅ ትምህርቷን ጨርሳ ቡሬ ላይ ላቦራቶሪ ውስጥ ሥራ ይዛለች። መዝሙረ ዳዊት በብራና የምትጽፍበትን ጓዳ ግን አልነካሁትም። ፀሐይ ቁልቁል ስትል ከዚያ ውስጥ ትስላለህ፤ አጠር አጠር፣ ከዚያ አንዴ ረዘም። መጀመሪያ ሰሞን ሮጬ በሩን እከፍት ነበር። ኋላ ተውሁት፤ ዝም ብዬ እሰማሃለሁ።

ያን ክረምት አገሩ ሁሉ በጉንፋን ሲወድቅ አንተም ወድቀህ ተነሣህ። በዓመቱ ተመልሶ ጎረቤታችንን አያ ደምሌን ሲጥላቸው፣ እኔ ወጥቶልኛል፣ እኔ ላስታምም ብለህ ነጠላህን አንሥተህ ሄድህ። ልማዳችን ነዋ! ኩፍኝ የያዘውን ሰው የሚያስታምመው ኩፍኝ የወጣለት ነው። ጉንፋኑንም እንደዚያው ቆጠርኸው፤ ማን ያልቆጠረ ነበር? አያ ደምሌ ተነሡ፤ አንተ ደረትህን ይዘህ ተመለስህ። ፍኖተ ሰላም ወስደን አሳከምንህ፤ ሳንባው ነው አሉን። በሕይወት አልመለስንህም። ካንተ ወዲያው እኔንም ያዘኝ፤ እኔን ግን ተወኝ።

አንዴ የዳነ ሰው እንዴት በዚያው ይሞታል ብዬ ጥሩወርቅን ጠየቅኋት። በአንተው ሥራ አስረዳችኝ። ኢንፍሉዌንዛ የሚባለው ቫይረስ ገላ ውስጥ ገብቶ ራሱን እየገለበጠ ይበዛል። ሲገለብጥ ይስታል። አንተ ዳዊት ስትገለብጥ ብትስት አራሚ አለህ፤ እሱ አራሚ የለውም። አብዛኛው ስሕተት ለራሱም አይበጀውም፤ አንዳንዱ ግን የላይ ልብሱን ይለውጥለታል። ገላችን ደግሞ እሱን የሚለየው በልብሱ ነው። ታሞ የዳነ ሰው ደሙ ውስጥ ዘበኛ ያቆማል፤ ዘበኛው የሚጠብቀው የዱሮውን ልብስ ነው። ያ ቫይረስ ልብሱን ቀይሮ ሲመጣ እንግዳ ይመስለዋል፤ እስኪነቃ ድረስ ጠላቱ ቤት ገብቶ ያድራል። ክትባቱንም በየጊዜው የሚያድሱት ለዚሁ ነው አለችኝ። ሰምቼ ሳበቃ እንደ አዲስ አለቀስሁ። የምታውቀው መስሎህ ነበር እኮ፣ አንተየ!

ዘንድሮም መጣ። ከማዶ መንደር እናትህን፣ እማሆይን ያዛቸው። ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ፤ ለእሷ ወጥቶላታል፣ እሷ ትግባ አሉ። ጥሩወርቅ በስልክ ጮኸችብኝ፤ እንዲህ ያለ በሽታ ወጥቶልኛል አይባልም፣ አባዬን የበላው ይኼው ቃል ነው እያለች። ፈራሁ፤ አልዋሽህም፣ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። በዚያ ላይ ከጓዳ ሳልህ በረታብኝ። እናትህን ትቼ በየትኛው ፊቴ ሳልህን ልሰማው?

ሄድሁ፤ ግን ልጅህ እንዳዘዘችኝ። መስኮቱን ከፈትሁ፣ እጄን በሳሙና ታጠብሁ፣ አፍና አፍንጫዬን በማስክ ሸፈንሁ። ብርዱ ሲጠናብኝ ጋቢህን ደረብሁ። እማሆይ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው አዩኝና በስምህ ጠሩኝ። ልጄ፣ መጣህልኝ አሉ። ላርማቸው ፈለግሁ፤ ተውሁት። እጃቸውን ያዝሁላቸው። እስኪሻላቸው ድረስ አንተን ሆኜ ሰነበትሁ። ትናንት ተነሥተው አጥሚት ጠጡ። እኔም እስካሁን ደህና ነኝ።

ቤቴ ስመለስ ግን ከጓዳው ሳልህ የለም። ፀሐይዋ ቁልቁል አለች፣ ጠበቅሁ፣ ጭር አለ። ይኼን ያህል ጊዜ ሳልህን ስፈራ ኖሬ፣ አሁን ዝምታህ ይባስ አስፈራኝ። ምናልባት አንተም ልብስህን ቀይረህ ይሆናል። ገላ ልብስ ሲቀየርበት ይስታል፤ እኔ አልስትህም። የጓዳውን በር ዛሬ ከፍቼዋለሁ፣ አልዘጋውም። ምንም ለብሰህ ብትመጣ አውቅሃለሁ።