በማን ትእዛዝ?

አቃቂ፣ ግንቦት 9 ቀን 1959 ዓ.ም.

ውድ ጋሽ ለሜሳ፣

የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞዎታል? ወገብዎስ ተሻለዎት? እኔ ደህና ነኝ። ዛሬ የምነግርዎት ግን ሦስት ዓመት ሙሉ አፌ ላይ ደርሶ የተመለሰ ነገር ነው።

የዛሬ ሦስት ዓመት እዚህ ባቡር ጣቢያ ሥራ በገባሁ ሰሞን የባቡሩን ሰዓት በስልክ አሳስቼ ተናግሬ፣ ቲኬት ሊቆርጥ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። እርስዎ፣ "ተዪው ልጄ፣ ስልኩን እኔ አነሳዋለሁ" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ምላሴ ይደርቃል፤ እርስዎም ቀድመውኝ ያነሱልኝ ነበር። ጡረታ ወጥተው ሲሄዱ ያለቀስኩት ስለምናፍቅዎት ብቻ አልነበረም። ከእንግዲህ ማን ያነሳልኛል ብዬ ጭምር ነው።

ባለፈው ማክሰኞ በእርስዎ እግር የተተኩት አዲሱ የጣቢያ ሹም አቶ ቀናው ለምሳ እንደወጡ፣ ያደታ የሚባል ሾፌር ላብ በላብ ሆኖ ገባ።

"እህቴ፣ መኪናዬ ሐዲዱ ላይ ሞተሩ ጠፍቶብኛል! ጥጥ ሙሉ ጭኛለሁ፣ ብንገፋው አልነቃነቅ አለ። ሹሙ የት አሉ?"

"የሉም።"

"ታዲያ አንቺ ደውይ እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?" ብሎ ወደ መኪናው ሮጠ።

ሰዓቱን አየሁ። ከናዝሬት ወደ እኛ የሚመጣው የመንገደኛ ባቡር ከዱከም ሊነሳ አራት ደቂቃ ቀርቶታል። አንዴ ከተነሳ የሚያቆመው የለም። አቶ ቀናውን ፍለጋ እስከ በሩ ሮጥኩ፤ ከዚያ ተመለስኩ። ስልኩን ብድግ አድርጌ ብናገር ድምፄ እንደማይወጣ ስለማውቅ፣ የምለውን ወረቀት ላይ ጻፍኩት፦ "ከአቃቂ ነው። መኪና ሐዲድ ላይ ቆሟል። ባቡሩን አታስነሱ።" ከዚያ የስልኩን እጀታ አዙሬ ዱከም ጣቢያ ደወልኩና ወረቀቱን አነበብኩት።

የዱከሙ ሰውዬ ግን ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር ጠየቀኝ።

"ማን ነሽ አንቺ? ሹሙን አቅርቢልኝ።"

"ሹሙ... የሉም።"

"ታዲያ በማን ትእዛዝ ነው ባቡር የማቆመው?"

ጋሽ ለሜሳ፣ ያኔ ዓይኔ የእርስዎን ወንበር አየ። ባዶ ነው። ስልኩን መዝጋት አማረኝ። እውነቴን ነው፣ እጄ ወደታች መውረድ ጀምሮ ነበር። ባቡሩ ውስጥ ያሉት እናቶች ትዝ አሉኝና ጮኽኩ፦

"በእኔ ትእዛዝ! ብዙወርቅ ሳህሌ እባላለሁ፣ የአቃቂ ቲኬት ቆራጭ ነኝ። ጥፋት ከሆነ በእኔ ይጻፉት፤ አሁን ግን ያቁሙት!"

የሰው ሩጫ ሰማሁ፣ ፊሽካ ሰማሁ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ጠበቅኩ። በመጨረሻ ሰውዬው እያለከለከ ወደ ስልኩ ተመለሰ።

"ቆሟል። ስምሽን ድገሚልኝ፣ መዝገብ ላይ ላስፍረው።"

ደገምኩለት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

አሁን ደፍሬ ልንገርዎት፣ አይቀየሙኝ። ያን ቀን ማታ በእርስዎ ተናደድኩ። ስልኩን ባነሱልኝ ቁጥር እኔ የማልችል መሆኔን አምን ነበር። ደግነትዎ እንደሆነ አውቃለሁ፤ መደበቂያ ያደረግኩትም እኔው ነኝ። ግን አንድ ቀን እንኳ "እስቲ ሞክሪ" ቢሉኝ ምን ነበረበት?

ትናንት ደብዳቤዎ ደረሰኝ። ለገሐር የስልክ ሠራተኛ እንደሚፈለግና ስለ እኔ ለአለቃው እንደሚናገሩልኝ ጽፈዋል። እባክዎ፣ አይናገሩልኝ። የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ለሥራው ፈተና እቀርባለሁ። ከአሁኑ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፤ ቢሆንም በራሴ አፍ ልናገር። ባልፍም ብወድቅም በማግስቱ ዓርብ አምስት ሰዓት ላይ ድሬዳዋ ጣቢያ እደውላለሁ። እዚያ ሆነው ይጠብቁኝ።

አክባሪ ልጅዎ፣
ብዙወርቅ ሳህሌ