ከቆመ መኪና የተላከ ድምፅ

ሚያዝያ 3

…መሰላሉን ታላቅ እህቴ እትዬ ይዛልኝ ነበር። ይህን እርግጠኛ ነኝ። እኔ ስምንት ዓመቴ፣ እሷ አሥራ አራት። ጣራ ላይ የወደቀ ነገር ላወርድ… ኳስ ነበር? ከዚያ ወደ ታች ሳይ መሰላሉ የለም። እሷም የለችም። እስከ ማታ እዚያው…

ዛሬ ትዝ ያለኝ መኪናዋ ጣራ ላይ ሆኜ ነው። ጣራው ፋይበር ስለሆነ ሲረግጡት ይሰምጣል፤ ተንበርክኬ ነው የምሠራው። የሬዲዮዬን አጭሩን አንቴና ከአየር ማስገቢያው ጎን አሰርኩት። ዙሪያውን ማሸጊያ ቀባሁት።

አልጋ፣ ምድጃ፣ መታጠቢያ፣ ሁሉም ውስጧ አለ። ጡረታ የወጣሁ ጊዜ እየዞርኩ ልኖርባት ገዛኋት። ይኸው ሁለት ዓመት ከእትዬ ግቢ አልወጣችም። እትዬ «ኤሊዋ» ትላታለች።

«ማሙሽ፣ ምሳ።» ከታች ሆና።

ስልሳ ሁለት ዓመቴ ነው።

ሚያዝያ 5

በያጁ ከማዶ ሱቁ መጣ። የረጅሙን አንቴና መቆሚያ ከኋላ በየደልኝ። ጥሩ እጅ አለው፣ አፉ ግን አያርፍም።

«ጋሼ፣ ይሄ ዕቃ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?»

«ቀን ከቀናው ሁለት ሺህም።»

«እሱ ድምፅዎ ነው። እኔ የጠየቅኩት መኪናዋን ነው።»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ማታ ግን አልሳቅሁም።

ሚያዝያ 6

መለኪያውን አገናኘሁ። የምልከው ኃይል ግማሹ ወደ እኔው ይመለሳል። ምን አጎደልኩ? ጣራው ብረት ስላልሆነ አንቴናው ከሥሩ ብረት ይፈልጋል፤ ጠፍጣፋ የመዳብ ሽቦ እስከ ሻንሲው ዘርግቻለሁ። ዘርግቻለሁ፣ ግን ከቀለሙ በላይ አሰርኩት። ሠላሳ ዓመት የስልክ መስመር የዘረጋ ሰው። ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁት፣ ብረቱ እስኪያበራ።

የእትዬን የዓይን ጠብታ ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ። እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ራሷ ስታደርገው ጉንጯ ላይ ይፈስሳል። አንገቷን ወደ ኋላ ትጥላለች፣ እኔ የዓይኗን ቆብ ይዤ አንዲት አንዲት አንጠባጥባለሁ።

ጣራውን እያየች፦ «ሥራህ ሲያልቅ ሂድ እንግዲህ። ማን ያዘህ?»

ማንም። መልሱ ይኸው ነው። ማንም።

ሚያዝያ 8

ሠራ።

ባትሪው እንዳይደክም ሞተሩን አስነሣሁ። መሪው ፊት ተቀምጬ መምህሩን ጠራሁት። አሥራ አንድ ዓመት በየጠዋቱ በሬዲዮ የማወራው ሰው፤ ፊቱን አላውቅም። ሐይቅ ዳር ነው ቤቱ፣ ከዚህ ሁለት ቀን ያስነዳል። የጣቢያ መለያዬን ጠርቼ ሳበቃ «በጉዞ ላይ» አልኩ። ከሚሄድ መኪና የሚናገር ሰው ከመለያው ቀጥሎ እንዲህ ማለት አለበት፤ ደንባችን ነው። እኔ የምሄደው ወዴት ሆኖ? አፌ ላይ እንዴት እንደምትሆን ልሞክራት ብዬ… ሌላ ምክንያት የለኝም።

«ሞተር ይሰማኛል» አለ። «ተነሣህ እንዴ ወዳጄ?»

መሳቅ ይቻል ነበር። የለም፣ ሙከራ ነው ማለት ይቻል ነበር።

«ተነሣሁ» አልኩ።

ከዚያ የራሱን ነገረኝ። ልጁ ወደ ቤቷ ልትወስደው ነው። አራተኛ ፎቅ፣ አንቴና የማይፈቀድበት ሕንፃ። ወሩ በሠላሳ ቀኑ ዕቃው ይጫናል፣ ጣቢያውም ይዘጋል። «ደግ አደረግህ፤ ከዚያ በፊት ትደርስልኛለህ» አለ። «ማን ጋ ስለፈልፍ እንደኖርኩ ልየው እንጂ።»

እደርሳለሁ አልኩ። ሞተሩን አጠፋሁ። ከመስታወቱ ፊት የእትዬ የተሰጣ አንሶላ።

ሚያዝያ 11

በየጠዋቱ ሞተሩን አስነሣለሁ። እሱ እንዲሰማው። ካርታውን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ድልድይ እሻገራለሁ፣ ቁልቁለት እወርዳለሁ። ዛሬ ጭጋግ ነበር አልኩት። «መብራት አብርተሃል?» አለኝ። አብርቻለሁ አልኩ። ደግሞ እጄ ሄዶ አበራው። ለማን?

ጭሱ ማድ ቤት ገብቶ እትዬ መስኮቱን ጠረቀመችው።

«ወይ ንዳው፣ ወይ አጥፋው።»

ሚያዝያ 13

ዘነበ። አልጋው ላይ ይንጠባጠባል። የቀባሁት ማሸጊያ ተሰንጥቋል። ጣራው ላይ ፕላስቲክ ደርቤ ዋልኩ። በዚህ ሁኔታ መንገድ አይወጣም፣ አይደል? አይወጣም። ደስ አለኝ ልበል?

ሚያዝያ 16

የሁለት ቀን መንገድ ስምንት ቀን ፈጀብኝ። ምክንያት ያስፈልገዋል። ቀበቶ ተበጠሰ አልኩት። አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ቆሜ ዕቃ እየጠበቅኩ ነው አልኩ።

«መካኒኩ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

በያጁን መካኒክ አድርጌ ሰጠሁት። አፉን፣ ሳቁን፣ የተቃጠለ ጓንቱን። መምህሩ ከልቡ ሳቀ። ስለ እውነተኛ ሰው ሳወራ ድምፄ እንዴት እንደቀለለ…

ሚያዝያ 19

ማሸጊያው ደርቋል። የኋላው መቆሚያ ጠብቋል። ገመዱም ተዘጋጅቷል፤ ረጅሙ አንቴና ዛፍ ሥር ሲያልፍ ጎንበስ ተደርጎ የሚታሰርበት። ዝርዝሬን ሦስት ጊዜ አየሁት። የቀረ ነገር የለም።

የመብራቱን ሶኬት ፈትቼ እንደገና አሰርኩት።

ሚያዝያ 22

ኬብል ላጸዳ ጣራው ላይ ነበርኩ። ከዚያ የእትዬ መኝታ ክፍል መስኮት ይታያል። ለማየት አልፈለግሁም። መስታወት ፊት ቆማለች፤ አንገቷን ጣል አደረገች፣ ጠብታውን አነሣች፤ አንድ፣ ሁለት። ጉንጯ ላይ ምንም አልፈሰሰም። እጇ ዝም ያለ እጅ ነው። ክዳኑን ከድና ዓይኗን ጨፍና ቆየች።

ከመቼ ጀምሮ?

ማታ እንደ ወትሮው ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። አንገቷን ወደ ኋላ ጣለች። ጠበቀችኝ። የዓይኗን ቆብ ያዝኩ። የእኔ እጅ ነው የተንቀጠቀጠው። ጉንጯ ላይ ፈሰሰ።

«ምን ሆነሃል?»

«ምንም።»

ይኸው ነው። ሁለታችንም ምንም።

ሚያዝያ 24

መምህሩ ዛሬ ቀድሞ ጠራኝ። ሞተሩን ሳላስነሣ። ቶሎ ብዬ ላስነሣ ስል፦

«ተወው» አለ። «ነዳጅህን አትጨርስ።»

ጆሮዬ ጋለ።

«የሚሄድ ሰው ድምፅ ይነሣል፣ ይወድቃል። ኮረብታ ይጋርደዋል፣ ሜዳ ላይ ይፈካል። ያንተ ሁለት ሳምንት ሙሉ እንደ ሚስማር አንድ ቦታ ተመቶ ቀርቷል። እኔ እኮ ድምፅ ሳዳምጥ ነው ያረጀሁት።»

«ከመቼ ጀምሮ አወቅህ?»

«ከማግስቱ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

 የሬዲዮው ሹክሹክታ ብቻ። ሄደ ብዬ ነበር።

«መንገዱ ጥሩ ነበራ» አለ። «እኔም ከወንበሬ አልነሣም። ያንን ድልድይ ከአንተ ጋር ተሻግሬዋለሁ።» ከዚያ ሳል ያዘው። «አሁን ግን ስድስት ቀን ነው የቀረኝ። መካኒክ፣ ጭጋግ፣ እሱን ተወው። ትመጣለህ ወይስ አትመጣም? እዚህ ቁጭ ብዬ በር በር አልይ።»

«እህቴ አለች…» አልኩ።

«ታማለች?»

 አትመጣም አላለኝም። ትመጣለህም አላለኝም። ደህና ዋል አለና ወጣ።

ሚያዝያ 25

አልጠራሁትም። አልጠራኝም።

ሚያዝያ 26

አንሶላው አሁንም እዚያው ተሰጥቷል። ሰው ለምን ደረቅ አንሶላ አያነሣም? እኔስ ለምን አላነሣውም?

ሚያዝያ 27

ከእራት በኋላ ነገርኳት። ጠብታውን ሳላነሣ፣ ቆሜ።

«እትዬ፣ ነገ ጠዋት እሄዳለሁ።»

ሳህኑን እያጠበች ነበር። ማጠቧን ቀጠለች። ያንኑ ሳህን።

«የመኪናዋ ጣራ ላይ ሆኜ በመስኮቱ አይቼሽ ነበር። መስታወት ፊት ጠብታውን ስታደርጊ» አልኩ።

ውሃውን ዘጋችው። እጇን ጠረገች፣ ጣት በጣት። ከዚያ መኝታ ቤቷ ገባች። ትቆጣለች ብዬ ነበር… ብትቆጣ እንዴት በተመቸኝ።

ሚያዝያ 28

መንገድ ላይ ነኝ። ከግቢው በር ውጭ። ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው፣ ግን ውጭ።

ረጅሙን አንቴና አጎንብሼ አሰርኩት። በያጁ ከኋላ ሆኖ አስወጣኝ። «ይምጡ፣ ይምጡ፣ ግራ፣ ይምጡ…» ምንም አልቀለደም። ሲጨርስ ጓንቱን አውልቆ የመኪናዋን ጎን እንደ በሬ መታ መታ አደረጋት፤ ሄደ።

ስዞር እትዬ ጎኔ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። የመውጫ ልብሷን ለብሳለች። ቦርሳዋ ጉልበቷ ላይ።

«የት እንደምሄድ እንኳ አታውቂም» አልኳት።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ መስኮቴ ሥር ስትለፍፍ የነበርከው ማን ሆኖ ነው? ድልድዩ በስተግራ ነው ብለሃል። ከድልድዩ በኋላ ቁልቁለት።»

«እሱን ካርታ ላይ አይቼ ነው።»

«እኮ። ካለ እናየዋለና።»

መሪውን ይዤ ቀረሁ። ደስ ያለኝ ነገር ነበር። የጨነቀኝም ነገር ነበር። የቱ የቱ እንደሆነ…

ወዲያው እትዬ ወንበሩ ላይ ተንቀሳቀሰች። ወደ ቤቱ ዞራ አየች። ረጅም ጊዜ አየች።

«አንድ ነገር ረስቻለሁ።»

«ምን?»

«መጣሁ።»

«እስከ አንድ ሰዓት ተኩል እጠብቃለሁ፣ እትዬ። ከዚያ አልፎ አልጠብቅም። ነገ ማታ መድረስ አለብኝ፣ ከነገ ወዲያ ሰውየው የለም።»

እንዲህ ብያት አላውቅም። አየችኝ።

«እሺ» አለች። ማሙሽ አላለችም። ቦርሳዋን ይዛ ወረደች።

ያ አንድ ከሩብ ላይ ነበር። ደብተሩን መሪው ላይ አድርጌ እየጻፍኩ ነው። ሞተሩ በርቷል፤ የእጅ ፍሬኑን ለቅቄ እግሬን ፔዳሉ ላይ አድርጌአለሁ። ከዚህ ሆኖ ቤቱ አይታይም፣ አጥሩ ይጋርደዋል። ድምፅ ብቻ ነው። መሳቢያ ተከፈተ። እርምጃ… ወደዚህ ነው ወይስ ወደ ውስጥ? ቁልፍ መሰለኝ። አንድ ሰዓት ከሃያ ስምንት።

የቤቱ በር ተዘጋ።