ባለ ሰባ ሁለት መርፌው

ሰኔ 4
ሰባ ስድስት ሞላኝ። እንጨት እፈልጣለሁ። ጣሪያ ላይ ወጥቼ ቆርቆሮ እመታለሁ፤ መውረዱ ነው ትንሽ... መጻፍም እችላለሁ። ማንበብ ይከብደኛል፣ በተለይ የራሴን ጽሑፍ።
ልጄ ወንጌላዊት ከጅማ ደወለች። ያው ነገር። «አባዬ፣ እማዬ ካረፈች ወዲህ ብቻህን ነህ። ቤቱን ቆልፈህ እኔ ጋ ና።» ከቦንጋ ንቅንቅ አልልም! በእጅ የሚዞር የካልሲ መሥሪያ መኪና እገዛለሁ፣ ሠርቼ እበላለሁ አልኳት። «እሺ፣ ካልሲህ እስከ ነሐሴ ከተሸጠ ተቀመጥ። ካልተሸጠ መጥቼ እወስድሃለሁ።» እንደ በግ?

ሰኔ 9
ጅማ ሄጄ መኪናዋን አመጣሁ። ወንጌላዊት ቤት አልገባሁም። ብገባ ማን ይለቀኛል?
መርፌዎቹ የሚሰኩበት የብረት ቀለበት አላት፣ ሲሊንደር ይሉታል። ሻጩ ሦስት አወጣ፤ ጠባብ፣ መካከለኛ፣ ሰፊ። ባለ ሃምሳ አራት መርፌ፣ ባለ ስድሳ፣ ባለ ሰባ ሁለት። «ለምን ዓይነት እግር ነው፣ አባባ?» እግር? ካልሲ በቡጢ ተለክቶ እንደሚገዛ የማያውቅ ነጋዴ! ቡጢዬን በየቀለበቱ ከተትኩ። ሰባ ሁለቱ ውስጥ ዘና ብሎ ገባ። «ስድሳው አይሻልም?» አለኝ። አርባ ዓመት መጋዝ የሳበ ቡጢ እያየ! ሰባ ሁለቱን ገዛሁ።

ሰኔ 20
ሰብሌ መናኸሪያው አጠገብ ቦት ጫማ ትሸጣለች። ካልሲዬን ከቦቱ ጋር ልትሸጥልኝ ወሰደች። ደረቴን ነፍቼ ተመለስኩ።

ሰኔ 23
ሰብሌ ሁሉንም መለሰችው። «ጋሼ፣ ቦት ውስጥ ይወርዳል እኮ። አንዷ ደንበኛዬማ ለሽንኩርት መያዣ ይሆናል አለች።» ሽንኩርት...

ሰኔ 24
አፉ ላይ ላስቲክ ሰፋሁበት። ራሴ አጠለቅኩት። እግሬ ደነዘዘ።

ሰኔ 26
ጎረቤቴ ዓባይነሽ መጣች። ካልሲውን ቡጢዋ ላይ ጠቀለለች። ልክ። እግሯን ከተተች። ዋኘ። «ቡጢ የሚናገረው ርዝመት ነው፣ ጋሽ ኢሳይያስ። ስፋት መቼ ያውቃል? ጆንያ ነው የሠሩት!» በቁጣ አስወጣኋት። በሩን ዘግቼ እግሬን በክር ዙሪያውን ለካሁ። ካልሲው በሦስት ጣት በለጠ። ስድሳው ነበር። ነግሮኝ ነበር እኮ...

ሐምሌ 2
ሻጩ ስደውልለት እቀይራለሁ አለ። ግን እኔ እንዳልሄድ ብሬ ክር ላይ አልቋል፤ ሰባ ሁለቱን አስረክቦ ስድሳውን የሚቀበልልኝ ሰው ጅማ ያስፈልጋል። ጅማ ማን አለኝ? አንድ ሰው። እሷ ካወቀች ደግሞ አለቀልኝ። ሦስቴ ስልኩን አነሳሁ፣ ሦስቴ አስቀመጥኩ።

ሐምሌ 3
ደወልኩ። የቡጢውን ነገር ስነግራት ሳቀች፣ ሳቀች። «ደብቀኸኝ ብትቀር ኖሮ ነበር መጥቼ የምወስድህ» አለች። «ሰባ ሁለቱን በሚኒባስ ላከው።»

ሐምሌ 18
ስድሳው ከደረሰ ሳምንት አለፈው። ሰብሌ የወሰደችው ሁሉ ተሸጠ፤ ጨምር ብላለች። ወንጌላዊት «በቃ ተቀመጥ» አለች።
አሁን ዕዳ። ማንም እንዳይከፍልልኝ። ለዓባይነሽ በእግሯ ልክ አንድ ጥንድ፣ ከይቅርታ ጋር። ይቅርታው ከዘገየ ካልሲው ይቅደም። ለሻጩ አንድ ምስጋና፣ ጅማ ስሄድ። ለወንጌላዊት «ተሳስቻለሁ» የምትል ቃል። የደወልኩላት ዕለት ቃሉን ስልኩ ላይ አጉረምርሜው ነበር። «አልሰማሁህም፣ አባዬ» አለች። ስትመጣ ጮክ ብዬ እከፍላታለሁ። ራሴ።