ወይዘሪት ቆይ እስቲ እና የበሩ ነገር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4
የእህቴ ልጅ ቤት ልትገዛ ነው። አብሬያት ሄጄ አየሁት። ሁለት መኝታ ቤት፣ ፀሐይ የሚገባበት ወጥ ቤት… እኔን የማረከኝ ግን የውጪው በር ነው። ግዙፍ ብረት፣ ባለ ሁለት ተከፋች።
"አረንጓዴ እቀባልሻለሁ" አልኳት።
ሻጩም ቸኩሏል፣ እሷም ቸኩላለች። ፊርማው ሐሙስ።
ማታ ደግሞ "ጠበቃ ይዣለሁ" አትለኝም? እኔ እያለሁ! የውል ሕጉን ማንም ሳያስተምረኝ ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ እኮ። (እንቅልፍ የወሰደኝን ገጾች ሳንቆጥር።)

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5
ጠበቃዋ መጣች። ጫማዋ አቧራ የጠገበ። አንድ ነገር በተናገርኩ ቁጥር "ቆይ እስቲ"። ስም አወጣሁላት፦ ወይዘሪት ቆይ እስቲ። ሰምታ ሳቀች።
"ውሉ ንጹሕ ነው፣ አንብቤዋለሁ" አልኳት።
"እኔም አንብቤዋለሁ፣ ጋሼ። አሁን ቤቱን ላንብበው።"
ፕላኑን ዘርግታ ከዋናው መንገድ ጀምራ በእግሯ መጣች። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች።
"ጋሼ፣ ይሄ በር የማን ነው?"
"የኛ ነዋ! ቀለም ሁሉ መርጬለታለሁ።"
"በፕላኑ ላይ የጎረቤት ነው። ከበሩ እስከ ቤቱ ያለው መተላለፊያም።"
ክው አልኩ። ለካ ሻጩና ጎረቤቱ ወንድማማች ናቸው። አባታቸው ግቢውን ሲያካፍላቸው መግቢያው ለታላቅየው ደረሰ፤ ታናሽየው በወንድምነት ሲያልፍ ኖረ። የእህቴ ልጅስ በምን ታልፋለች? በክንፍ? ያላትን ሁሉ የምታፈስበት ቤት መግቢያ የለውም!

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6
ፊርማው ቀረ። ልጅቱ አለቀሰች። አልቀለድኩም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8
ጠበቃዋ ሻጩንም ጨምራ ታላቅየው ቤት ወሰደችን። ገና ሳንቀመጥ፣ "ወንድሜ ያልፋል፣ ባዕድ አያልፍም" አለ። አንቀጽ ልጠቅስበት አፌን ስከፍት በዓይኗ "ቆይ እስቲ" አለችኝ።
"ምንድን ነው የሚያሰጋዎት?" ብላ ጠየቀችው።
ወደ ጓዳው ዞር ብሎ አየ። ከዚያ… "መኪና ያቆሙብኛል። ባለቤቴ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የምትወጣው።"
ወንድሙ ራሱ ደንግጦ አየው። ይህን ጠይቆት የሚያውቅ ሰው አልነበረም ማለት ነው?
እዚያው ጻፈችው፦ መተላለፊያው ላይ መኪና አይቆምም፤ በሩ ሳያስፈቅዱ አይነካም፤ የማለፍ መብቱ ግን ባለቤት ቢቀያየርም ከቤቱ ጋር ይኖራል። ጮክ ብላ አነበበችለት።
"እንዲህ ከሆነ ይለፉ" አለ።
እኔ ብሆን ተጣልቼ እወጣ ነበር። እሷ ጠይቃ ገባች። ምን ዓይነት ሰው ናት!

ሰኞ፣ ጥቅምት 17
ተፈረመ። የማለፍ መብቱም አብሮ ተመዘገበ። ልጅቱ ጠበቃዋን አቅፋ አልለቅም አለች። እኔም ተራ ያዝኩ።

እሁድ፣ ጥቅምት 23
ዕቃ ገባ። ሹፌሩ መተላለፊያው ላይ ሊያቆም ሲል "ቆይ እስቲ!" ብዬ ጮህኩበት። የእህቴ ልጅ በሳቅ ፍርስ አለች።
"አጎቴ፣ አንተንም ያዘህ!"
አረንጓዴ ቀለሜን ይዤ ታላቅየው ቤት አንኳኳሁ። ላስፈቅድ… እኔ!
"ሰማያዊ ቢሆን ይፈቀዳል" አለ።
ሰማያዊ አልወድም። ቀኑን ሙሉ ሰማያዊ ስቀባ ዋልኩ።