የዱር ጌሾ ተካይዋ የወይዘሪት ፔትሮኔሌ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሪት ፔትሮኔሌ ከአባታቸው ከፖቪላስና ከእናታቸው ከኤሚሊያ በሊቱዌኒያ፣ ቢርዣይ አጠገብ በምትገኘው በሊፓዩናይ መንደር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በየካቲት 1938 ተወለዱ። አራተኛ ክፍል እንደጨረሱ በኅብረት እርሻው ላም አላቢ ሆነው ሠላሳ አንድ ዓመት አገለገሉ። ጠመቃን የተማሩት ከአባታቸው ነው። አባታቸው ለሰርግም ለለቅሶም የሚጠምቁት ቢራ የሚጠነሰሰው በወንዙ ዳር በዛፎች ላይ በሚጠመጠመው የዱር ጌሾ ነበር፤ የእኛ አገር ጌሾ ፍሬው ቢራ የሚያመርር፣ ሆፕ የሚባል ሐረግ ነው።

እናታቸውን እስከ መጨረሻው ያስታመሙት እሳቸው ናቸው። እናታቸው በነሐሴ 1974 ባረፉ በሳምንቱ ግን ታላቅ ወንድማቸው አኒጼታስ፣ "ቤቱ ለሚስቴና ለልጄ ነው፤ አንቺ ሌላ ፈልጊ" አሏቸው። እሳቸውም ሳይከራከሩ፣ "የአባባን የጌሾ ሥር ብቻ ስጠኝ" አሉ።

የጌሾ ሥር የሚነቀለው ሐረጉ ከደረቀ በኋላ፣ መሬቱ ግን በረዶ ሳይነክሰው ነው። በጥቅምት ሲመለሱ አኒጼታስ ሐረጉን ሁሉ እስከ መሬት አጭደው፣ አምስት ካስማ ተክለው ጠበቋቸው።

"አጽድቼ ምልክት አድርጌልሻለሁ። የአባባ እነዚህ ናቸው።"

ሁለት ቀን ቆፈሩ። ሥሩን ስንዝር ስንዝር ቆርጠው፣ ቡቃያ ያለውን መርጠው፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው ወደተከራዩት ጎጆ ወሰዱ፤ ተክለውም ፍግና ቅጠል አለበሱት።

በሁለተኛው በጋ ሐረጉ አበበ። አምስቱም ወንዴ ነበሩ። ለጠማቂ የሚሆነውን ፍሬ የሚሰጠው ሴቴው ነው፤ ሐረጉ ከታጨደ ግን ወንዴውን ከሴቴው በሥሩ መለየት አይቻልም፤ ይህን አኒጼታስ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል። በዚያው ሰሞን በጎረቤት ሰርግ ላይ፣ እህታቸው ሳህን ይዘው ቆመው ሳለ፣ "ባል ላጣችው እህቴ ወንድ ሰጠኋት፤ ያውም አምስት!" ሲሉ ግቢው በሳቅ ተናጋ። ፔትሮኔሌ ሳህኑን አስቀምጠው ወጡ። ስምንት ኪሎ ሜትር በእግራቸው ሄደው ጎጆአቸው ገቡ።

በመስከረም ብቻቸውን ጫካ ገብተው ፍሬ ያንዠረገጉትን ሴቴዎች በቀይ ክር አሰሩ፤ በጥቅምት ነቅለው ተከሉ። ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት ያህል በአካባቢው የእሳቸው ቢራ ያልቀረበበት ድግስ አልነበረም፤ ከአኒጼታስ ቤት በቀር። አኒጼታስ በ2004 በጉሮሮ ካንሰር ሲያጣጥሩ አንድ ብርጭቆ እንዲላክላቸው ለመኑ። መልእክቱን ያደረሰችው ልጃቸው ጃድቪጋ ናት፤ ይህን ታሪክ የጻፈችውም እሷው ናት። ፔትሮኔሌ በሩን ሳይከፍቱ፣ "ወንዝ አጠገቡ አይደለም? ከዚያ ይጠጣ" አሉ። አኒጼታስ በማግስቱ አረፉ።

ፔትሮኔሌ አላገቡም፤ ልጅም አልወለዱም። በ2019 እግራቸው ሲከዳቸው ያስታመመቻቸው ጃድቪጋ ነች። እያጠበቻቸው፣ እያጎረሰቻቸው አንድም ቀን በስሟ አልጠሯትም። "የአኒጼታስ ልጅ፣ ውሃ!" ይሏት ነበር። በመጨረሻው ጥቅምት በመስኮት እየተመለከቱ ጌሾውን በሙሉ አስነቀሏት። እጇ እስኪላጥ ቆፈረች።

"አክስቴ፣ ለእኔ አንዲት ሥር ብቻ ይተዉልኝ።"

"ሁሉም ለጎረቤቴ ለስታሴ ነው። አንቺ ቆፍሪ።"

ቆፍራ ጨረሰች፤ ተሸክማም ለስታሴ አደረሰች።

ወይዘሪት ፔትሮኔሌ ኅዳር 3 ቀን 2021 በተወለዱ በሰማንያ ሦስት ዓመታቸው አረፉ። ከዘመድ ከኋላቸው የቀረችው ጃድቪጋ ብቻ ናት። እኛ የነፈግናቸውን ዕረፍት እግዚአብሔር አይንፈጋቸው።